«ይሻላል» ብዬ ጻፍኩለት፣ ዛቻ ነው ብሎ አነበበው፦ መስት፣ ሹድ፣ ሃድ ቤተር ላይ እርዱኝ

ትራንዚተሩ (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬዳዋ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከጅቡቲ የሚገባ ኮንቴነር ወረቀት ሳሳድድ ነው የምውለው፤ ከላኪዎቹ ጋር የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንግሊዝኛዬ አያሳፍርም ብዬ አምን ነበር።

አንድ ጅቡቲ ያለ ደንበኛችን ኦሪጅናል ቢኤል (የመርከብ ጭነት ሰነዱን) ሳይልክ ቀረ። ወረቀቱ በዘገየ ቁጥር ዲመሬጅ (ኮንቴነሩ ከጊዜው በላይ ሲቆይ የሚከፈለው) ይቆጥራል፣ ከፋዩም እሱ ነው። እኔ አዝኜለት «እስከ ሐሙስ ብትልክልን ይሻላል» ልለው ፈልጌ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ዩ ሃድ ቤተር ሴንድ ዚ ኦሪጅናል ቢኤል ባይ ተርስደይ»። በነጋታው መልስ መጣ፤ የመጣው ግን ለእኔ ሳይሆን ለአለቃዬ ነው። «ሠራተኛህ ለምን ያስፈራራኛል?» ይላል።

አለቃዬ ጠርቶኝ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና «ይሄ ምንድነው?» አለ። «ምክር ነው» አልኩት። አላመነኝም። መዝገበ ቃላቱ ቤተር ማለት «የሚሻል» ነው ይላል። ለሰው የሚሻለውን መንገር ከመቼ ወዲህ ነው ዛቻ የሆነው? መስት፣ ሃቭ ቱ፣ ሹድ፣ ኦት ቱ፣ ሃድ ቤተር፤ የቱን ለማን እንደምል የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ሻይ በእኔ ነው።


ጥላ_ሥር_ከዚራ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:21

አቦ ተው! ለደንበኛ ሃድ ቤተር? ፊልም ላይ ሽጉጥ የያዘው ሰውዬ ነው እንደዚያ የሚለው።


ድሬ_በሚኒሶታ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:58

ጥላ_ሥር ቢቀልድም ያለው ልክ ነው። ሃድ ቤተር ውስጥ ያልተነገረ «አለበለዚያ» ተደብቋል። እናት ልጇን፣ አለቃ ሠራተኛውን፣ ጓደኛ ጓደኛውን «ጃኬት ልበስ፣ ዋ!» ሲል ያንን ነው የሚለው። ከታች ወደ ላይ ወይም ለማታውቀው ሰው ከጻፍከው ግን ሰውዬው የሚሰማው «ዋ!»ን ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላቱ አሳሳተህ እንጂ አማርኛህ አላሳሳተህም። እስቲ እነዚህን ሁለቱን ድምፅ አውጥተህ በላቸው፦ «ብትልክ ይሻላል» እና «ብትልክ ይሻልሃል»። የመጀመሪያው ምክር ነው። ሁለተኛው «ሃል» የምትል ጭራ ስትጨመርበት ጣት መቀሰር ጀመረ። «ዝም ብትል ይሻልሃል» ሲባል ማን ነው ተመከርኩ የሚለው? ሃድ ቤተር ያ «ይሻልሃል» ነው። ለ«ይሻላል» የሚሆነው ሹድ ነው፣ ከዚያም ለስለስ ያለው «ኢት ዉድ ቢ ቤተር ኢፍ...» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃድን አይተህ ያለፈ ጊዜ እንዳይመስልህ፤ ስለ አሁንና ስለ ነገ ብቻ ነው የሚነገረው። አሉታው ደግሞ «ሃድ ቤተር ኖት» ነው፤ ኖቷ መጨረሻ ላይ ናት። እዚህ አሜሪካ በንግግር ሃዷ ራሷ ስለምትዋጥ «ዩ ቤተር» ብቻ ነው የሚሰማው።


ትራንዚተሩ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:05

«ይሻልሃል»! ወላሂ አሁን ገባኝ። ሰውዬው እውነቱን ነው ለካ።


ቢላል_ቁጥር9 · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:11

ምን ያስጨንቃችኋል፤ ፕሊዝ ጨምሩበት በቃ።


ድሬ_በሚኒሶታ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:14

«ፕሊዝ ዝም ብትል ይሻልሃል»። ለሰለሰ?


መምህርት_ጀጎል · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:02

ሐረር ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ ሃድ ቤተር የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ልጆቻችንን በጣም የሚጥላቸው እሱ አይደለም። የሚጥላቸው «አለበት» ነው።

«መሄድ አለብህ» እስካለ ድረስ ችግር የለም፤ መስትም ሃቭ ቱም ብትለው ያስኬዳል። ችግሩ ስትገለብጠው ነው። «መሄድ የለብህም» ማለት ምን ማለት ነው? አንደኛ፦ እንዳትሄድ፣ ክልክል ነው። ሁለተኛ፦ ግዴታ የለብህም፣ ከፈለግህ ቅር። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይላቸዋል፣ የቱ እንደሆነ ከድምፁና ከነገሩ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ሰንጥቋቸዋል። ክልክሉ መስንት ነው፣ ግዴታ የሌለበት ደግሞ ዶንት ሃቭ ቱ ነው። መስትና ሃቭ ቱ በአዎንታ ወንድማማቾች ይመስላሉ፤ አሉታ ላይ ሲደርሱ አንዱ ወደ ሸዋ በር፣ አንዱ ወደ ኤረር በር ይሄዳሉ።

ሌላው ያለፈ ጊዜ ነው። መስት ለግዴታ ያለፈ ጊዜ የለውም፤ ሃድ ቱ ነው የሚተካው። የሚገርመው መስት ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ የአላፊ ቅርጽ ነበር፣ ቆይቶ ነው የአሁን ጊዜ የሆነው። አንድ ተማሪዬ ከትምህርት ቀርቶ በማግስቱ ወረቀት ጽፎ መጣ፦ «አይ ሹድ ሃቭ ቴክን ማይ ማዘር ቱ ዘ ሆስፒታል»። «ታዲያ ምነው ሳትወስዳት ቀረህ?» አልኩት። ልጁ ግራ ገባው፤ «ወስጃታለሁ እኮ!» ይላል። በልቡ ያለው «እናቴን መውሰድ ነበረብኝ» ነው። እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እዩት፤ ወሰዳት ወይስ አልወሰዳትም? አይታወቅም። ቀጥሎ «ስለዚህ ቀረሁ» ካለ ወስዷታል፣ «አልሆነልኝም» ካለ አልወሰዳትም። እንግሊዝኛ እዚያው ግሡ ላይ እንድትቆርጥ ያስገድድሃል፦ ሃድ ቱ ካልክ ወስደሃታል፣ ሹድ ሃቭ ካልክ ጸጸት ነው፣ አልወሰድካትም።


ሳቢያን_ነርስ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:30

መምህርት፣ የለብህም ላይ ያልሽው በእኔ ደርሷል። አንድ ጎብኚ ፈረንጅ ሆዱን አሞት መጣ፣ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘለት። እኔ መድኃኒቱን እያሸግሁ «አልኮል መጠጣት የለብህም» ለማለት «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ድሪንክ አልኮሆል» አልኩት። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ግዴታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ብጠጣስ ይፈቀዳል?» አለኝ። እኔ ደግሞ ያልተረዳ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያንኑ ደገምኩለት! ዶክተሩ ነው ከውስጥ ሰምቶ ሮጦ የወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመድኃኒት «ዱ ኖት» ብቻ ነው የምለው፤ መስንትንም ትቼዋለሁ።


ትራንዚተሩ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:37

ቆይ ቆይ ቆይ።

ለዚያው ሰውዬ፣ በዚያው ኢሜይል፣ ሦስተኛ መስመር ላይ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ቼንጅ ዘ ፓኪንግ ሊስት» ብዬዋለሁ። ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የምናቀርበው መግለጫ) በነበረው ሊስት፣ ማለትም በዕቃው ዝርዝር፣ ተሞልቷል፣ «እንዳትነካው» ማለቴ ነበር። ሰውዬው ግን ቀየረው! ካርቶኑን ከ 140 ወደ 144 አድርጎ ላከ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ «እየነገርኩት የማይሰማ ደንቆሮ» እያልኩ ስሰድበው ነበር። ለካ የነገርኩት «ካልፈለግህ ተወው» ነው።

ነገ ጠዋት ለአለቃዬ ምን እንደምለው አላውቅም።


ጥላ_ሥር_ከዚራ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:41

«ማስረዳት የለብኝም» በለው። የቱን እንደሆነ ራሱ ይምረጥ።


ድሬ_በሚኒሶታ · ማክሰኞ ከምሽቱ 5:20

መምህርት፣ ትምህርት ቤት መስት የተናጋሪው ፍላጎት፣ ሃቭ ቱ ደግሞ ከውጭ የመጣ ደንብ ነው ብላችሁ ነው የምታስተምሩት አይደል? እኔም እንደዚያው ተምሬ ነው የወጣሁት። እዚህ መጋዘን ስገባ ያ ደንብ አልሠራልኝም። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዩ መስት ሙቭ ዚስ ቦክስ» አልኩት፤ «እሺ ጌታዬ» ብሎ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እዚህ የሚባለው ሃቭ ቱ፣ ኒድ ቱ ወይም ጋታ (ጎት ቱ በአጭሩ) ነው። መስትን የማገኘው ግድግዳ ላይ ነው፦ ሽንት ቤት በር አጠገብ «ኢምፕሎይስ መስት ዎሽ ሃንድስ» የሚል ተለጥፏል። ከአፍ ሲወጣ ደግሞ ለግምት ነው፦ «ዩ መስት ቢ ታየርድ»፣ ደክሞህ መሆን አለበት።


መምህርት_ጀጎል · ረቡዕ ከጠዋቱ 1:15

አዎ፣ በብሪታንያም በአሜሪካም የመስት አጠቃቀም ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እየቀነሰ መምጣቱን የቋንቋው አጥኚዎች ቆጥረው አሳይተዋል። ግን ፈተና ላይ የሚመጣው ልዩነቱ ነው፣ ተማሪዬን ሚኒሶታ አይፈትነውም። ደግሞ ደንቡ ባዶ ነው አልልም። «አይ መስት ኮል ማይ ማዘር» ስል ራሴን እየወቀስኩ ነው፤ «አይ ሃቭ ቱ ኮል» ስል ቀጠሮ ወይም ጉዳይ አለብኝ። ለራስ ሲባል ልዩነቱ ደህና ይሰማል። ለሌላ ሰው ሲባል ነው መስት የጌታ ድምፅ የሚሆነው። መጋዘኑ ውስጥ ሰው ሁሉ የሳቀውም ለዚያ ነው።

ግምቱን ግን በደንብ አንስተሃል። እዚያ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ገጥሟል፤ «እሱ መሆን አለበት» እና «ኢት መስት ቢ ሂም» አንድ ናቸው። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ደቂቃ አይፈጅብኝም።


አዲስ_ገቢ_77 · ረቡዕ ከጠዋቱ 2:40

ጤና ይስጥልኝ። መምህርት፣ ስለ ማብራሪያዎ እጅግ አመሰግናለሁ። እርስዎ ኦት ቱን እንዴት ያዩታል? ከሹድ በምን ይለያል ይላሉ?


ጥላ_ሥር_ከዚራ · ረቡዕ ከጠዋቱ 2:44

«እርስዎ»? ይሄ ሰው ከአዲስ አበባ ነው። እዚህ ቤት ሽማግሌውም አንተ ነው ወንድም፣ ዘና በል።


መምህርት_ጀጎል · ረቡዕ ከቀኑ 7:30

ተወው፣ ደስ ብሎኛል። በዓመት አንዴ ነው አንቱ የምባለው።

ኦት ቱ ከሹድ በትርጉም እምብዛም አይርቅም፤ «ተገቢው ይህ ነው» የሚል የሞራል ቃና አለው፣ በንግግርም ብዙ አይሰማም። ለኢሜይል ሹድ ይበቃሃል። ታሪኩ ግን ለእኛ ይጥማል። ኦት የተገኘው ከ«ኦው» ነው፣ ዕዳ አለብኝ ከሚለው ግሥ፤ የእሱ የድሮ የአላፊ ቅርጽ ነው። አሁን ቀፊራ ገበያ ግባ። ሽንኩርት ሻጯ «ሃምሳ ብር አለብህ» ትልሃለች፣ እናትህ ደግሞ «አክስትህን መጠየቅ አለብህ» ትልሃለች። ያው አንድ ቃል! ባሕር ተሻግረው ሳይተያዩ ሁለቱ ቋንቋዎች ግዴታን ከዕዳ አወጡት። ክፍል ውስጥ ይህን ስነግራቸው ከኋላ የሚያንቀላፋው ሁሉ ይነቃል።


ኮድ_ለቃሚ · ረቡዕ ከቀኑ 9:05

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፣ እኛ ጋ ይሄ ጭቅጭቅ በወረቀት ተዘግቷል። ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚነጋገሩባቸው ደንቦች የሚጻፉባቸው ሰነዶች አሉ፣ አር ኤፍ ሲ ይባላሉ። መጋቢት ወር 1997 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ቁጥር 2119 ሥራው ይህ ብቻ ነው፦ መስት ሲባል ፍጹም ግዴታ ነው፤ ሹድ ሲባል በቂ ምክንያት ካለህ ልትተወው ትችላለህ፣ ግን መዘዙን አውቀህና መዝነህ ተው፤ ሜይ ሲባል እንደፈለግህ። በ2017 ደግሞ ቁጥር 8174 ወጥቶ «ይህ ትርጉም የሚይዘው ቃሉ በትላልቅ ፊደላት ሲጻፍ ብቻ ነው» አለ። ትልቅና ትንሽ የሌለው ፊደል ይዘን እኛ ምን ልንል ነው!

የሹድ ትርጉም ግን ከዚያ የተሻለ አላየሁም። «ምክንያት ካለህ ተው፣ ግን አስበህበት»።


አንቀጽ_በአንቀጽ · ረቡዕ ከቀኑ 11:20

የሕግ ባለሙያ ነኝ። ሻልን ማንም አላነሳትም፤ ውልና አዋጅ ላይ ግን ጌታዋ እሷ ናት። ነጋሪት ጋዜጣችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው፣ እስቲ አንዱን ገጽ ክፈቱ። በግራ «ይሆናል»፣ «ይኖረዋል» ይላል፤ በቀኝ ሻል ቢ፣ ሻል ሃቭ ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ «ይሆናል» ነው የሚለው፣ «መሆን አለበት» አይልም። ሕግ አይለምንም አይመክርምም፣ እንደሚሆን ይናገራል። የሕገ መንግሥቱ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂ ቢጋጩ የአማርኛው እንደሚጸና እዚያው አንቀጽ 106 ላይ ሰፍሯል።

ስለዚህ ትራንዚተሩ፣ የእንግሊዝኛ ውል ስታነብ ሻልን «ምናልባት ወደፊት» ብለህ እንዳታልፋት፤ ግዴታ ናት። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ግራ ስለምታጋባ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንባቸውን እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ሲያድሱ ሻልን አውጥተው በብዛት በመስት ተክተዋታል። ኢሜይል ላይ ግን ሻል አትጻፍ፤ አዋጅ ያወጅክ ትመስላለህ።


ትራንዚተሩ · ረቡዕ ከምሽቱ 1:50

ጠዋት ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ክሩንም አሳየሁት። የነርሷ ታሪክ ላይ ሲደርስ ሳቀ፣ ተረፍኩ። ኢሜይሉን ከመላኬ በፊት እዩልኝ። የድሮው ሁለተኛ መስመር «ዘ ትራክ መስት አራይቭ ኦን ሰንደይ» ነበር፤ እሁድ መድረስ አለበት ማለቴ ነው።


መምህርት_ጀጎል · ረቡዕ ከምሽቱ 2:15

እዚያም «አለበት» ሸወደችህ። ያንተ «መድረስ አለበት» ግምት ነው፤ ሁሉም ደህና ከሄደ ይደርሳል ማለትህ ነው። ያ ሹድ ነው። መስት የሚገምተው አሁን ያለውን ወይም ያለፈውን ነው፤ መኪናው ውጭ ሲያጓራ ሰምተህ «ደርሶ መሆን አለበት» ስትል። ስለ ነገ መስት ካልክ ሾፌሩን እያዘዝክ ነው፣ ወይም ለደንበኛው ቃል እየገባህ ነው። መንገድ ቢዘጋ ሰኞ ይጠይቅሃል።


ድሬ_በሚኒሶታ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:31

ከእኔ አንድ ብልሃት ውሰድ፦ «ዩ»ን ከዓረፍተ ነገሩ አውጣ። ግዴታው የጉምሩክ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። «ጉምሩክ ይጠይቃል» በል፣ ወይ «እኛ ያስፈልገናል» በል። «አንተ አለብህ» ያልተባለ ሰው አይቆጣም። ምክንያቱንና ቀኑን ስጠው፤ ዲመሬጁን ራሱ ያሰላዋል።


ትራንዚተሩ · ረቡዕ ከምሽቱ 3:00

ይኸው፦

«ከስተምስ ሪኳየርስ ዚ ኦሪጅናል ቢኤል። ኩድ ዩ ሴንድ ኢት ባይ ተርስደይ? ዲመሬጅ ስታርትስ ኦን ፍራይደይ። ዘ ትራክ ሹድ አራይቭ ኦን ሰንደይ። ፕሊዝ ዱ ኖት ቼንጅ ዘ ፓኪንግ ሊስት።»

ከላይ ደግሞ ይቅርታ ጨምሬበታለሁ። ላክሁት።


ቢላል_ቁጥር9 · ረቡዕ ከምሽቱ 3:04

ፕሊዝ ገባች አይደል? እኔ መጀመሪያ ብያለሁ።


ትራንዚተሩ · ዓርብ ከቀኑ 8:12

ቢኤሉ ትናንት ከሰዓት ደረሰ። ፓኪንግ ሊስቱንም ወደ 140 መልሶታል። ለእኔው ነው የጻፈልኝ፣ አለቃዬ ኮፒ ላይ እንኳ የለም። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ዌን ዩ ካም ቱ ጅቡቲ፣ ዩ መስት ትራይ ዘ የመኒ ፊሽ ዊዝ ሚ»።

አሁን ይሄ ምንድነው? ተቆጥቷል? እያዘዘኝ ነው?


መምህርት_ጀጎል · ዓርብ ከቀኑ 8:40

ግብዣ ነው። መስት አፍ ላይ የሚጣፍጠው እዚያ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ለአዛዡ ሳይሆን ለታዛዡ ሲሆን።


ጥላ_ሥር_ከዚራ · ዓርብ ከቀኑ 8:43

«የግድ ትበላለህ» ነው አቦ። አያትህ ሰሐን ላይ ስትጨምርብህ የምትለው። ደግሞ «አይ ዶንት ሃቭ ቱ» ብለህ እንዳትመልስለት፣ ዋ!